የሙሉጌጥ ሌባ ጣት

ሙሉጌጥ የግራ እጇን ሌባ ጣት ከሰው ዓይን መሸሸግ ከጀመረች ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። ባጃጅ ውስጥ ከሻርፗ ሥር ትከተዋለች፤ ቤተ ክርስቲያን በነጠላዋ ትሸፍነዋለች፤ ሰው ቤት ስትጋበዝ ግራ እጇን ጭኗ ላይ አጥፋ ትቀመጣለች። ጣቱ ጫፍ ላይ ሽምብራ የምታህል እብጠት አለች። አንዳንድ ሰሞን ትቀላለች፣ ትሞቃለች፣ ሌሊቱን ሙሉ ትጠዘጥዛለች፤ ደግሞ ሳትታሰብ ረግታ ትከርማለች። ሽምብራ ለምታህል እብጠት ይህን ያህል መሸፋፈን ምን አመጣው የሚል ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ጓደኞቿም ይሉታል። እሷ ግን የምትደብቀው እብጠቱን እንዳልሆነ ታውቃለች።

የይርጋለም ልጅ ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ውጤቷ እንደጠበቀችው ሳይሆን ሲቀር፣ አክስቷን ተከትላ ሀዋሳ መጣች። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኛ በገፍ የሚቀጥርበት ጊዜ ነበርና የሕፃናት ፒጃማ የሚሰፋ አንድ ፋብሪካ ገባች። ዳቶ ሰፈር ከሁለት የሥራ ባልደረቦቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራየች። በመጀመሪያው ሳምንት የማሽኑ ድምፅ እያስደነገጣት ሽንት ቤት ገብታ አልቅሳለች። በሁለተኛው ዓመት ግን እጅጌ በመግጠም የሚያህላት ጠፋ። አዲስ ገቢዎች ሲመጡ የስፌት ረድፉ፣ የላይኑ፣ ሱፐርቫይዘር የሆነው ደረሰ ከጎኗ ያቆማቸውና «አፏን ሳይሆን እጇን ተመልከቱ» ይላቸው ነበር፤ ወሬ ስለምትወድ ነው።

በዚያ ፋብሪካ መርፌ መስበር ጥፋት አይደለም። መርፌ ነው፣ ይሰበራል። ጥፋቱ ስባሪውን አለማግኘት ነው። ሠራተኛዋ የተሰበረውን መርፌ ቁርጥራጭ አንድ ሳይቀር ለቅማ መርፌ ክፍል ትወስዳለች፤ እዚያ ቁርጥራጮቹ ተገጣጥመው መዝገብ ላይ በስኮች ይለጠፋሉ፤ ቀኑና የማሽኑ ቁጥር ይጻፋል፤ አዲስ መርፌ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። የጤፍ ፍሬ የምታህል ጫፍ እንኳ ብትጎድል ላይኑ በሙሉ ይቆማል። ልብሱ ይፈተሻል፣ ወለሉ በማግኔት ይታሰሳል፣ እስክትገኝ ድረስ ማንም ንቅንቅ አይልም። ልብሱን የሚለብሰው ሕፃን ነዋ።

መዝገቡን የምትይዘው ሙንተሃ ነበረች። ከስልጤ ነጋዴ ቤተሰብ የተወለደች፣ ሙሉጌጥን በአምስት ዓመት የምትበልጥ፣ ሥራ ላይ ቀልድ የማታውቅ ሴት ናት። አንዲት ቀልድ ብቻ ነበረቻት፤ እሷም ለሙሉጌጥ ነች። ሰው ሁሉ ሙሉጌጥን ሲያቆላምጥ «ሙሉ» ነው የሚላት፤ ሙንተሃም ሙሉጌጥ ስባሪ ይዛ በመስኮቷ ብቅ ባለች ቁጥር «ሙሉ፣ ሙሉ ነው?» ትላታለች። ሙሉጌጥ «ሙሉ ነው» ትላለች። ከዚያ ሁለቱም ይስቃሉ። በስድስት ዓመት ውስጥ ይህች ቀልድ አንድ ቀን እንኳ አልሰለቸቻቸውም።

ነገሩ የሆነው በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ ዋዜማ ነው። ከላይኑ ሠራተኞች ግማሹ የሲዳማ ልጆች ናቸው፤ በጊዜ ወጥተው አገር ቤት ገብተው ዋዜማውን ከቤተሰብ ጋር ማምሸት ይፈልጋሉ። ደረሰም ጠዋት ላይ «ታርጌቱን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከመታችሁ ሰርቪስ በጊዜ አስመጣላችኋለሁ» ብሎ ቃል ገብቷል። ያን ቀን ሰው የሠራው በእጁ ብቻ አይመስልም ነበር። ውኃ ለመጠጣት እንኳ የተነሳ የለም።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ የሙሉጌጥ መርፌ እጅጌውን ስቶ ጣቷ ላይ ወረደና ቀጭ አለ። እጇን መንጭቃ አወጣች። ደሟ ጠብ ጠብ ሲል ፒጃማው እንዳይነካካ ብላ ጣቷን ጎረሰችው። የመርፌው ላይኛው ግማሽ ማሽኑ ላይ ነበር፤ መካከለኛውን ቁራጭ ጨርቁ ላይ አገኘችው። ጫፉ የለም። ጭኗን ዳበሰች፣ ወንበሯን አየች፣ ጎንበስ ብላ ወለሉን ቃኘች። የለም። እጇን ብታነሳ ላይኑ ይቆማል። ቀና ስትል አርባ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይሰፋል፤ ከፊት ለፊቷ ያለችው ልጅ የበዓል ልብሷን በፌስታል ጠቅልላ ከወንበሯ ሥር አስቀምጣለች።

እጇን አላነሳችም። ሁለቱን ቁራጭ ይዛ ወደ መርፌ ክፍል ሄደች።

ሙንተሃ ገና ስታያት «ያ አላህ! ደምተሻል እኮ!» ብላ ፕላስተር ልታመጣላት ወደ ውስጥ ዞረች። መዝገቡ ባንኮኒው ላይ እንደተከፈተ ነው። ሙሉጌጥ ያን ሰዓት አሰበች ለማለት ይቸግራል። አላሰበችም። ጣቷ ቀደማት። ጥቂት ገጾች ወደ ኋላ ገለጠች፣ የአንዱን የቆየ ስባሪ ስኮች በጥፍሯ ላጥ አደረገች፣ ከሥሩ የመርፌ ጫፍ አንስታ ከራሷ ሁለት ቁራጮች ጋር ቀላቀለች፣ ስኮቹን መልሳ ተጫነችው፣ ገጹን መለሰች። ይህን ሁሉ ለማድረግ ሙንተሃ ፕላስተሩን ከሣጥኑ እስክታወጣ ድረስ ያለው ጊዜ በቃ።

ሙንተሃ ጣቷን በአልኮል ጠርጋ ፕላስተር ለጠፈችላት። ከዚያ እንደ ልማዷ ፈገግ ብላ፣ «ሙሉ፣ ሙሉ ነው?» አለቻት።

«ሙሉ ነው» አለች ሙሉጌጥ። ያን ቀን ግን አልሳቀችም፤ ሙንተሃ ጣቷን አሟት ነው ብላ አዘነችላት።

ታርጌቱ ተመታ። ሰርቪሱ በጊዜ መጣ፤ ልጆቹ በሲዳምኛ እየዘፈኑ ተሳፈሩ። በማግስቱ ሙሉጌጥም ጉዱማሌ አደባባይ ወጥታ ጭፈራውን ስታይ ዋለች። ያወቃት ሁሉ በበዓሉ ሰላምታ «አይዴ ጨምበላላ!» ሲላት፣ ፕላስተር ያለበትን እጇን ከኋላዋ ይዛ «አይዴ ጨምበላላ» ትላለች። ጫፏ ወለሉ ላይ ወድቃ በመጥረጊያ ተጠርጋለች ብላ ራሷን ልታሳምን ሞከረች። ሌላ ሐሳብም ነበር፤ እሱን ከመጣበት ልትመልሰው ታገለች። ጫፏ እጅጌ ውስጥ ብትሆንስ? እርግጥ ልብሱ ሁሉ ከመታሸጉ በፊት ብረት በሚለይ ማሽን ያልፋል። ማሽኑ ቢስታትስ?

በሦስተኛው ሳምንት ልብሱን ከሚገዛው ድርጅት የመጡ ኦዲተሮች መዝገቡን ገጽ በገጽ ገለጡት። አንድ ቦታ ላይ ስኮቹ አለ፣ ከሥሩ ያለው መርፌ ግን ጫፍ የለውም። ሙንተሃ ተጠራች። «በእጄ ነው የለጠፍኩት። ሙሉ ነበር» አለች። የሰማት የለም። ሳይሟላ መርፌ ሰጥታለች፣ መዝገብ አጉድላለች ተባለና በዚያው ቀን ተሰናበተች። የመሰናበቻ ወረቀቷ ላይ ያች «አጉድላለች» የምትል ቃል ስለሰፈረች፣ በፓርኩ ውስጥ ያሉ ሌሎች ፋብሪካዎችም በራቸውን ዘጉባት። ለሰባት ዓመት መርፌ ስትቆጥር የኖረች ሴት መርፌ የማይታመንባት ሆነች።

ሙሉጌጥ ያን ቀን ከማሽኗ አልተነሳችም። አንገቷን ደፍታ እጅጌ ስትገጥም ዋለች። እንደዚያ ቀን አሳምራ ገጥማ አታውቅም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ዓመት የእግር እሳት ሆነባት። መንገድ ላይ ሕፃን ልጅ ሲያለቅስ ከሰማች ቀልቧ ይገፈፋል፤ እናቱ ልብሱን ገልጣ እስክታየው ድረስ ቆማ ትጠብቃለች። ጣቷም ያበጠችው በዚያው ሰሞን ነው። የፋብሪካው ነርስ መድኃኒት ሰጠቻት፤ እብጠቷ ወረደች። ተመልሳ ወጣች፤ ሌላ መድኃኒት፤ ደግሞ ወረደች። እንዲህ ስትወጣ ስትወርድ ቆይታ ዘንድሮ ጨርቅ መያዝ እስኪያቅታት ስለጠናባት፣ ነርሷ ወደ አንድ የማስተማሪያ ሆስፒታል ላከቻት።

ራጅ ተነሳች። ሐኪሙ ዶክተር በላይነህ ፊልሙን ብርሃን ላይ ሰቅሎ በእስክሪብቶ አንዲት ነጭ ጭረት አሳያት። «ብረት ነው። የስፌት መርፌ ጫፍ ይመስላል። ስፌት ትሠሪያለሽ እንዴ?»

ሙሉጌጥ መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነበር። ጫፏ ሕፃን ልጅ አልወጋችም! የትም አገር፣ ማንም ቤት፣ ማንንም ሕፃን አልወጋችም። እዚሁ ነበረች፣ ከእሷው ጋር። እንባዋ መጣ። ሐኪሙ ፈርታ መስሎት «አይዞሽ፣ ቀላል ነው» አላት። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ለሦስት ዓመት ጫፏ ሕፃን ልጅ ልብስ ውስጥ ትኖር ይሆናል ብላ እየጠረጠረች ዝም ማለቷ ትዝ ሲላት፣ ወንበሩ ላይ ኩምሽሽ ብላ ቀረች።

ጣቷን አደንዝዘው ጫፏን ከነከበባት ሥጋ ቆርጠው አወጡላት። ስፌቱን ለማስፈታት በቀጠሮዋ ስትመለስ፣ ዶክተር በላይነህ ስድስት ተማሪዎችን ሰብስቦ ማይክሮስኮፕ ዙሪያ ቆሟል። ስፌቱን ፈታላትና «ፈቃድሽ ከሆነ ያንቺን ጉዳይ ላስተምርበት» አላት። እሺ አለች። እምቢ የምትልበት አቅም አልነበራትም።

«የእህታችንን ሌባ ጣት ተመልከቱ» አለ ለተማሪዎቹ።

ሙሉጌጥ ክው አለች። ሰው ሁሉ ጣቱን በዚሁ ስም እንደሚጠራ፣ ከልጅነቷ ጀምራ እሷም እንዲሁ እንደምትለው ረስታው ነበር። እጇን ልትሰበስብ ስትል ዶክተሩ ቀድሞ ያዛት።

«እዚህ የገባው ብረት ነው» አለ። «ሰውነት ይህን ሲያገኝ ምን ያደርጋል? በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ፈጥኖ ደራሾቹ ነጭ የደም ሕዋሳት ይመጣሉ። እነዚህ ዕድሜያቸው አጭር ነው፤ ተዋግተው ይሞታሉ። መግል የምንለው ብዙው የእነሱ ሬሳ ነው። ተህዋሲ ቢሆን እዚያው ሊያልቅ ይችል ነበር። መርፌ ግን አይሞትም። ስለዚህ ትላልቆቹ በላተኞች ይመጣሉ፣ ማክሮፌጅ የምንላቸው። የእነሱ ሥራ መዋጥ ነው። ሞክረው አልቻሉም፤ ከእነሱ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ታዲያ ምን አደረጉ?»

አንዲት መነጽር ያደረገች ተማሪ «ተዋሐዱ» አለች።

«ተዋሐዱ። ብዙ የነበሩት አንድ ሆኑ። ነይ፣ አንቺም እዪው እንጂ፣ ያንቺው ነው።»

ሙሉጌጥ ጎንበስ ብላ አየች። ሐምራዊና ሮዝ ቀለም ነበር። መሐሉ ላይ አንድ የተንሰራፋ ነገር፣ ውስጡ እንደ ጥቁር አዝሙድ ፍሬ የተበተኑ ብዙ ነጠብጣቦች።

«ያ ግዙፍ ሕዋስ ነው። ነጠብጣቦቹ የእያንዳንዱ ማክሮፌጅ አስኳል ናቸው። አንድ ሆነውም ሊውጡት አልቻሉም። አሲዳቸውን ተፉበት፣ እሱም አላሟሟውም። በመጨረሻ ሌሎች ሕዋሳት ዙሪያውን ጠንካራ ግድግዳ ሠሩና አጠሩት። እብጠቷ ይህች ናት። እንግዲህ ይህን ያዙ፤ ነገሩ እዚያው እስካለ ድረስ እነሱም አይሄዱም። ሲደክሙ ሌሎች ይተኳቸዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ እዚህች ጣት ውስጥ ሥራ አልቆመም። መድኃኒት ለጊዜው ያበርደው ይሆናል፤ የሚያድነው ግን ማውጣት ብቻ ነው።»

ባለመነጽሯ ተማሪ ወደ ሙሉጌጥ ዞረች። ክፋት የለባትም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው። «ይቅርታ እህቴ፣ የእኔም እህት ፓርክ ውስጥ ነው የምትሠራው። መርፌ ሲሰበር ጫፉ ካልተገኘ ሥራ ይቆማል ትለኛለች። ያንቺ ሲሰበር አልተፈለገም እንዴ?»

ሰባት ሰው አያት። ሙሉጌጥ ጣቷን ከሻርፗ ሥር ከተተች።

«ተገኝቷል ተብሎ ነበር» አለች።

ተብሎ ነበር! ማን አለ? ለማን አለ? ተማሪዋ አልጠየቀችም፤ ጭንቅላቷን ነቅንቃ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። ሙሉጌጥ ግን የራሷን ድምፅ ሰማችው። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ዶክተር በላይነህ ሲሰነባበታት ጫፏን በትንሽ የላብራቶሪ ብልቃጥ አድርጎ «ለማስታወሻ» ብሎ ሰጣት። ቀልዱ ነበር።

ሙንተሃ አሁን የምትሠራው ገበያ ውስጥ በሚገኘው የወንድሟ የሱልጣን ሱቅ ነው፤ ክር፣ ቁልፍ፣ ገበርና ዚፕ ይሸጣሉ። ሙሉጌጥ በሱቁ ፊት ለፊት አንድ ጊዜ አለፈች። ተመልሳ ደግሞ አለፈች። በሦስተኛው ሙንተሃ አየቻት።

«ሙሉ! ኧረ ነይ ግቢ፣ ምን በፀሐይ ያንከራትትሻል? ከሳሽ እኮ!»

ብትቆጣት ይሻላት ነበር። ገብታ ባንኮኒው ላይ ብልቃጧን አስቀመጠች። የምትናገረውን መንገዱን ሙሉ ስታጠና መጥታለች፤ ሁሉም ጠፋባትና የወጣላት እንዲህ የሚል ብቻ ነበር። «የዚያን ቀን ሙሉ ነው ያልኩሽ ሙሉ አልነበረም። የእኔው ጫፍ ጣቴ ውስጥ ነበረች። ያንቺን ከመዝገቡ የላጥኩት እኔ ነኝ።»

ሙንተሃ ብልቃጧን አንስታ ወደ ብርሃን አደረገችው። አገላብጣ አየችው። ጫፏ ጠቁራ፣ ዝጋ፣ ሳስታለች።

«አውቃለሁ» አለች ሙንተሃ።

«ምን?»

«አውቃለሁ። ኦዲተሩ ገጹን ሲገልጠው ስኮቹ ላይ የደረቀ ደም ነበር። በዚያ ሰሞን መስኮቴ ላይ የደማ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ። ፕላስተሩን የለጠፍኩልሽ እኔው።»

ሙሉጌጥ ባንኮኒውን ያዘች። «ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ነዋ። የተሰናበትኩ ዕለት ከመስኮቴ ሆኜ ወንበርሽን አይ ነበር። አሁን ትነሳለች፣ ይኸው አሁን ትነሳለች እያልኩ። ሰርቪስ እስኪወጣ ድረስ አልተነሳሽም።» ብልቃጧን ወደ ሙሉጌጥ መለሰችላት። «በኋላማ ብናገር ከሥራዋ ስትባረር ሰው ላይ አላከከች ነው የሚሉኝ። ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ ሙሉ? አፈርኩልሽ። ለራሴ ሳይሆን ላንቺ አፈርኩልሽ።»

ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው እንዳያውቅ ስትሸሽ የኖረችው ነገር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የታወቀ ነበር። ያወቀችውም ሙንተሃ ነች። ሙሉጌጥ እዚያው የቁልፍ ካርቶን ላይ ቁጭ አለችና «ይቅር በዪኝ» አለች።

አንድ ደንበኛ መጣ፤ ሙንተሃ ሁለት ሜትር ገበር ለካችለት፣ ቆረጠችለት፣ ሸኘችው። ከዚያ ከመሳቢያዋ ስኮች አውጥታ ባንኮኒው ላይ አኖረች።

«እኔ ጋ አይደለም የጎደለው» አለች። «የጎደለበት ቦታ ወስደሽ ለጥፊው። ይቅርታውን ከዚያ በኋላ ነይና እናወራለን።»

ሙሉጌጥ ያን ሌሊት ስታስበው ነገሩ ግልጽ ነበር። ብትናገር እሷም ትባረራለች፤ የእሷም ወረቀት ላይ አንዲት ቃል ትሰፍራለች፤ በፓርኩ ውስጥ ማንም በር አይከፍትላትም። ከእጅጌ በስተቀር የምታውቀው ሥራ የለም። ባትናገር ሙንተሃ መዝገብ እንዳጎደለች ትቀራለች፤ ሙንተሃም አንድ ቃል አትተነፍስም። ጣቷ ግን ያን ሌሊት አላመማትም። ብታማት ይሻላት ነበር፤ ሕመሙን ለምዳዋለች፣ የምታሳብብበትም አታጣም።

ጠዋት ከሰርቪስ ወርዳ የሥራ ልብሷን ለበሰች። ወደ ማሽኗ አልሄደችም። መርፌ ክፍል መስኮት ሄደች። አሁን መዝገቡን የያዘችው መቅደስ ትባላለች፤ ሥራውን ያሠለጠነቻት ሙንተሃ ነች። ሙሉጌጥ ብልቃጧን ባንኮኒው ላይ ስታስቀምጥ፣ መቅደስ ከምትጽፈው ቀና ሳትል ከአሠልጣኟ በወረሰችው ቃል ጠየቀች።

«ሙሉ ነው?»

ሙሉጌጥ አፏ እንደ ልማዱ ሊቀድማት ነበር። ከንፈሯን ነከሰች።

«አይደለም» አለች።

መቅደስ ቀና አለች።

«ከሦስት ዓመት በፊት የነበረውን መዝገብ አውጪልኝ። ደረሰንም ጥሪልኝ። ላይኑ ይቁም።»

መጀመሪያ አንድ ማሽን ዝም አለ፣ ቀጥሎ ሁለተኛው፤ ከዚያ ሁሉም ዝም አለ። አርባ ሰው ዞሮ አያት። ደረሰ «ምን ተፈጠረ?» እያለ በወንበሮቹ መሐል ይመጣል። ሙሉጌጥ ግራ እጇን ከኪሷ አወጣችና ባንኮኒው ላይ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ አኖረችው።